የድስት ክዳን ይዞ ለሚዞር ልጅ እናት

ስለ አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ሆናችሁ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ነው። ሌላው ቢያልፈው ቅር አይለኝም።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ መሬት ይወድቃል፤ እጁን የሚነክስበትም ቀን አለ። አንዲት የድስት ክዳን አለችው። የሚረጋጋው እሷን ወለል ላይ ሲያሽከረክር ብቻ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በሦስተኛው ቀን "ሌሎቹን ያውክብናል" ብሎ ከነቦርሳው በር ላይ አስረከበኝ፤ ክዳኗን ነጥቀውት ስለነበር እስከ ማታ ጮኸ። ሌላው ደግሞ "በሁለት ወር አፉን እከፍትለታለሁ" ብሎ የላሜን ዋጋ በላ። ገንዘቡስ ይሁን፤ ስድስት ወር ሙሉ ዛሬ ከትናንት ይሻላል እያልሁ ራሴን ማታለሌ ነው የሚያንገበግበኝ። ጎረቤት የሚለውን አልጽፈውም፤ ታውቁታላችሁ።

ይህችን የልዩ ፍላጎት መምህርት የጠቆመችኝ ጤፍ የምትሸጥልኝ ሴት ናት። "እታለም፣ አንዴ ሂጂና እያት" አለችኝ። ሄድሁ። ክፍሏ ዱሮ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። መስኮቷ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ወለሉ ፍራሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ የገና ዛፍ መብራት ቀስ እያለ ይበራል፣ ይጠፋል። በአንድ በኩል እጅ የሚነከርበት ምስር በሳፋ፣ በሌላ በኩል አጎዛ። ልጄ በሩ ላይ ሲደርስ ዐይኑን ጨፈነ። ምንም ሳትናገር አንዱን መብራት አጠፋችለትና ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም። መሥራት ያልፈለገች መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ልጄ ክዳኗን አውጥቶ ማሽከርከር ሲጀምር ተነሥታ ከመደርደሪያ ሌላ ክዳን አመጣችና ከጎኑ አሽከረከረች። የመብራቱ ቀለም በሁለቱ ክዳኖች ላይ ሲጫወት ልጄ ቀና ብሎ ዐይን ዐይኗን አያት። እኔን እናቱን እንኳ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። እዚያው አለቀስሁ።

ብዙ አስረድታኛለች፤ ግማሹ አልገባኝም። እንዲህ ያለውን ክፍል ያሰቡት በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የሆላንድ ሰዎች ናቸው አለችኝ። ስኑዝለን ይሉታል፤ ማሽተትና ማሸለብ ከሚሉ ሁለት ቃሎቻቸው ገጣጥመው። በውጭ አገር ቀለም እየቀያየረ አረፋ የሚንተከተክበት የውሃ ቱቦ ሳይቀር አለው፤ የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያንም ይገቡበታል። እሷ ዘንድ ቱቦው የለም። "ልጁ ይምራን፣ እኛ እንከተለው" ነው የምትለው። ኦቲዝምን እንደማያድን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነገረችኝ፤ የሚያረጋጋውንና የሚያስጨንቀውን ለይተን እንድናውቅለት ነው። ከገንዘቤ በፊት እውነቱን ያስቀደመልኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

እሷ እንደ መከረችኝ ቤቴ ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር ከባድ ጋቢ አኖርሁለት። አሁንም ይጮኻል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ሲብስበት እጄን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይወስደኛል፤ ጋቢውን እንዳለብሰው።

ሂዱ። እባካችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቤት አትዝጉባቸው። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ ስለ ለመነችኝ፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አድራሻዋን እሰጣለሁ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስትሄዱ ልጁ የሚወደውን ነገር አስይዙት፤ አትነጥቀውም። የእኔ ድስት እንደሆነ እስከ ዛሬ በሳህን ነው የሚከደነው።