የቤንዚን ሽታ የመኪና ጠባይ አይደለም፤ ለጅማው የነዳጅ ጎማ ባለሙያችን ምስጋና

ሰላም ለጅማ መኪና ወዳጆች። ገለቶማ ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ! ይህ ምስጋና ያረጁ የቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚነፋ መሣሪያ) እና የስፖርት መኪኖችን የነዳጅ ጎማ፣ ማለትም ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውን የጎማ ቱቦ፣ እየፈተሸ ለሚቀይርልን መካኒክ ነው። «ስሜን አትለጥፉት፣ ሰው ሲበዛብኝ ሥራዬ ይበላሻል» ስላለን ስሙን አንጽፍም። ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

እሱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት እነዚህ መኪኖች ያልዞሩበት ጋራዥ የለም። «ቱርቦ ያለው ሁሉ ይሸታል፣ ጠባዩ ነው» ብሎ የሸኘ አለ። የሚያፈሰውን ጎማ ሳይፈታ በላዩ ላይ ሲሊኮን የለቀለቀ አለ፤ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል እንጂ አያሽግም። የራዲያተር ጎማ ቆርጦ የገጠመም አለ። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ለካርብራተር (በድሮ መኪኖች ቤንዚንን ከአየር ጋር ለሚያደባልቀው ክፍል) የተሠራ ጎማ ኢንጄክተር (ቤንዚንን በግፊት የሚረጭ አፍንጫ) ባለው ሞተር ላይ ገጥሞ «አዲስ ነው» እያለ ያስከፈለው ነው። አዲስነቱስ እውነት ነበር። ካርብራተር የሚፈልገው ግፊት ግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም። ኢንጄክተር ግን አብዛኛውን ጊዜ 3 ባር ግድም ይፈልጋል፤ ቱርቦው 1 ባር ሲገፋ ደግሞ የግፊት መቆጣጠሪያው ነዳጁን በዚያው ልክ ወደ 4 ባር ያነሳዋል። እንዲህ ያለ ጎማ ሲሰነጠቅ አይንጠባጠብም፤ እንደ ጭጋግ ይረጫል፣ ያውም የጋለ ቱርቦ አጠገብ።

የእኛ ሰው ከሌሎቹ የሚለየው ገና መኪናውን ሲቀበል ነው። «ጠዋት ጠዋት ይሸታል፣ ሲሞቅ ይጠፋል» ሲባል አይስቅም፤ «እንግዲያው እዚህ ይደር» ይላል። ምክንያቱም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ የመለጠጥ አቅሙን ያጣል፣ የብረቱን ጫፍ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። በጅማ የክረምት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ጎማውን ብረቱ ላይ በሚያጠብቀው ቀለበት፣ በክላምፑ ሥር ያፈሳል። ሞተሩ ሲሞቅ መልሶ ይገጥማል፣ የፈሰሰውም ይተናል። ባለመኪናው ረፋድ ላይ ጋራዥ ሲደርስ ሁሉም ነገር ደረቅ ነው፤ ውሸታም ይባላል። ከ2002 እስከ 2007 በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠሩት ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊውአርኤክሶች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር የተደበቁት አጫጭር ጎማዎች ናቸው የሚያፈሱት። ከላይ ኮፈን ከፍቶ ለሚያይ ሰው አይታዩም። እሱ ማለዳ ቀዝቃዛውን ሞተር ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ይከፍትና ፓምፑ ግፊት ሲሞላ በመስታወትና በባትሪ መብራት ያያቸዋል።

አሁን ደግሞ ያቺን የቡና ነገር እንንገራችሁ። ጋራዡ በር ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ፤ ከሰላቸው ከመኪናው አራት እርምጃ ቢርቅ ነው። ሌላው ቢሆን ወይ ይጮህባቸዋል ወይ አያስተውላቸውም። እሱ ፒንሳውን አስቀምጦ «አዴ፣ በረካው ይድረስና እሳቱን እኔው ወደዚያኛው አጥር እወስድልዎታለሁ» አለ። አቦልና ቶና አልፎ ነበር፤ በረካው እስኪቀዳ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፣ ጠጣም። ከዚያ ምድጃውን በራሱ እጅ ተሸክሞ ወሰደላቸው። ሥራው ሲዘገይ ባለመኪናው ሲቁነጠነጥ እየሳቀ አስረዳው፦ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ግድም ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ ተኑም ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ያለበት ድረስ ይሄዳል። ሴትዮዋን አላስደነገጠ፣ አላሳፈረ። ለዚህ ብቻ እንኳ ይመሰገን ነበር።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይነካም። የሰልባቲዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ክዳን ከፍቶ ያስተነፍሳል፣ የፓምፑን ፊውዝ ይነቅላል፣ ሞተሩን አስነስቶ በራሱ እስኪጠፋ ይተወዋል፣ ሁለት ሦስቴ በስታርተር ያዞረዋል። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፈታል። ይህም ሆኖ መጀመሪያ የሚፈታውን መገጣጠሚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው፤ የቀረ ግፊት ሁልጊዜ አለ። የዱቄት እሳት ማጥፊያው በእጁ ርቀት ላይ ነው። ያረጀውን ጎማ ስቦ አያወጣውም፤ የብረቱ ቱቦ እንዳይጫር ጎማውን በርዝመቱ ሰንጥቆ ይልጠዋል።

የወጣውን ጎማ ባለቤቱ ፊት እጥፍ ያደርገዋል። ያኔ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ከላይ ደህና የሚመስለው እጥፋቱ ላይ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ይታያል። የሚያብረቀርቅ የሽቦ ሽመና ያለባቸውን ደግሞ ከሁሉ በላይ አያምናቸውም። ሽመናው ለዓይን ያምራል እንጂ በውስጡ ያለው ጎማ ሲበሰብስ ይሸፍነዋል፤ ስንጥቁ የሚታወቀው ከሽመናው ውስጥ እርጥበት ሲወጣ ነው። ሽቦውም የነካውን ሁሉ እንደ ሞረድ ይበላል፦ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ቀለም። በሽቦ የተሸመነ ጎማን ቢያንስ በየ5 ወይም 6 ዓመቱ መቀየር ይመክራል። ውስጡ ቴፍሎን የሆነው ዕድሜው ይረዝማል፤ ግን የራሱ መገጣጠሚያ አለው፣ የጎማው መገጣጠሚያ አይሆነውም። መገጣጠሚያው ውስጥ ያለችው ትንሽ የነሐስ ቀለበትም አንዴ ከተጨመቀች በኋላ አትደገምም። እዚህ ከተማ ስንቱ እንደሚደግማት ብንነግራችሁ መኪና ታቆማላችሁ።

ለኢንጄክተር መስመር የሚቀበለው ጎማ ላይ «ኤስኤኢ 30አር9» የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት፤ ኤስኤኢ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው የጥራት ደረጃ ነው። «30አር7» የሚለው ለዝቅተኛ ግፊት ነው። የ9ኙ ውስጠኛ ሽፋን ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንንም ይችላል፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ከተደባለቀ የድሮ ጎማ ያላቸው መኪኖች የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። ውፍረቱንም በዓይን አይገምትም፣ በካሊፐር ይለካል። ብዙ የጃፓን መኪና ላይ ነዳጁ ወደ ሞተር መሄጃው 8፣ ወደ ሰልባቲዮ መመለሻው 6 ሚሊ ሜትር ነው። 9.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ባለ 3/8 ኢንች ጎማ 8 ላይ አጥልቆ በክላምፕ ማነቅ የተለመደ ወንጀል ነው፤ ጎማው ይጨማደድና በጭምዳዱ በኩል ያፈሳል።

ክላምፑ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት የተለመደው ክላምፕ ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። እሱ የሚጠቀመው ጠርዙ ወደ ውጭ የተጠቀለለ፣ ውስጡ ልሙጥ የሆነውን የኢንጄክሽን ክላምፕ ነው። ጎማውን በአንድ ጠብታ የሞተር ዘይት አርጥቦ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ያስገባዋል፤ ክላምፑን ከብረቱ ቱቦ ጫፍ እብጠት ኋላ ያስቀምጠዋል፣ እብጠቱ ላይ ወይም የጎማው ጫፍ ላይ አይደለም። ካቻቪቴውን የሚያቆመው ጎማው በጠርዙ ተጨምቆ መውጣት ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሰልባቲዮ ውስጥ ያለችውን አጭር ጎማ የሚያስታውስ መካኒክ ብርቅ ነው። እሷ ውጪዋም ነዳጅ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ 9ኙም አይሆናትም፣ 30አር10 ነው የሚያስፈልጋት። ያልሆነውን ካስገቡባት ውጪዋ ይለሰልስና ይፈነዳል። ጠብታ አይታይም፣ ሽታ የለም፤ መኪናው ብቻ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ያኔ ፓምፕ ይቀየራል፣ ኢንጄክተር ይታጠባል፣ ገንዘብ ይፈሳል። እሱ የግፊት ጌጁን ገጥሞ በአሥር ደቂቃ ለየው።

ከጨረሰ በኋላ ቁልፉን ሦስት ጊዜ እየከፈተ ያለ ሞተር ግፊት ይሞላና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ነጭ ሶፍት ይነካካል። ከዚያ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ይወጣበታል፤ ሜዳ ላይ ቱርቦ አይፈተንም ባይ ነው። ሲመለስ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን ሳይከፍት 20 ደቂቃ ይተወዋል። የቆመ ሞተር ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ስለሚጨምር ደካማ መገጣጠሚያ የሚጋለጠው ያኔ ነው። እንደገና ሶፍት። በማግስቱ ማለዳ እንደገና። በሳምንቱ «ክላምፑን ላየው፣ አምጡት» ብሎ ይደውላል፤ ለዚህ ሳንቲም አይቀበልም። የሚደውል መካኒክ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የነዳጅ ሰልፍ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ሒሳቡም ቀላል አይደለም። 40 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል፣ በሰከንድ አንዲት ጠብታ በቀን ከ2 ሊትር በላይ ትወስዳለች።

እንግዲህ ሂዱለት። ቱርቦ ያላችሁ፣ የሽቦ ጎማ ያስገጠማችሁ፣ ጠዋት ጠዋት የሚሸታችሁ፣ ሂዱለት። ስትሄዱ ሰልባቲዮውን አትሙሉ፤ ሩብ ይበቃል፣ ፓምፑን ማውጣት ካስፈለገ ይቀለዋል። ጎማ ገዝታችሁ ከመጣችሁ ጽሑፉ የሚታይ ይሁን፤ ጽሑፍ የሌለውን አይገጥምም፣ ብትለምኑትም አይገጥምም። መኪናውን ማታ አድርሳችሁ እዚያው ይደር። ጠዋት ስትመለሱ ለአዴም ቡና ክፈሉላቸው፤ እሳታቸው አሁን በቋሚነት ከአጥሩ ጥግ ሆኗል።