አይሱዙዬን ላዳኑልኝ የኮምቦልቻ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

የናፍጣ ወረፋ ባስመረረኝ ሰሞን፣ አንድ ዘመዴ በባቲ አካባቢ ገበሬው ለአጥር ከሚተክለው የጃትሮፋ ፍሬ ዘይት ጨምቆ ያዘጋጀውን ባዮዲዝል አመጣልኝና፣ በ80 ሊትር ናፍጣ ላይ 20 ሊትር እየደባለቅሁ በአሮጌው አይሱዙዬ መሥራት ጀመርሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ከሠራ በኋላ ግን ማሽላ እንደጫነ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። የመጀመሪያው ጋራዥ በቅጡ እንኳ ሳያየው ፓምፑ ካልተቀየረ አይሆንም አለኝ፤ ሁለተኛው ደግሞ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈታትቶ አራት ቀን ካቆመኝ በኋላ «ዘይት አጠጥተህ ገድለኸዋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። ገንዘቤን ከፍዬ መኪናው እንደገባ ወጣ። የቤተሰቤ እንጀራ በዚያ መኪና ላይ የተንጠለጠለ ነውና ያ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ የሄድሁባቸው፣ በኮምቦልቻ የባቲ መውጫ የሚሠሩት መካኒክ ግን እንደነዚያ አይደሉም፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጠራቸውም። ነገሬን እስክጨርስ ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ ከዚያም የናፍጣውን ፊልትሮ ፈትተው በውስጡ ያለውን በተቆረጠ ሃይላንድ ቀዱና ወደ ብርሃን አንስተው አሳዩኝ። ከሥሩ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ተኝቷል። «አብሽር ልጄ፣ ሞተርህ ደህና ነው። ይህ ናፍጣው ለዓመታት ታንኩ ውስጥ ያስቀመጠው ቆሻሻ ነው፤ ባዮዲዝሉ አጥቦ አመጣውና ፊልትሮውን ደፈነው» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ዓውደ ርእይ የናፍጣ ሞተር በለውዝ ዘይት እንደሠራም ሲነግሩኝ፣ ስሰደብበት የከረምሁበት ነገር ነውር አለመሆኑን አውቄ እንባዬ መጣ።

ታንኩን አጠቡ፣ ፊልትሮውን ቀየሩ፣ ባዮዲዝሉ ያላላውን አሮጌ የጎማ ቱቦም ለወጡ፤ የቀረውን ሥራቸውን እኔ አላውቀውም። የማውቀው፣ ሲመሽ «ዳገቱን ሳላየው አልተኛም» ብለው ከጎኔ ተቀምጠው ከነጭነቱ ደሴ ድረስ አብረውኝ መውጣታቸውን ነው። ማርሽ በቀየርሁ ቁጥር ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ያዘነብሉ ነበር። ደሴ ስንደርስ የመመለሻ ሚኒባስ እንኳ ልክፈልልዎ ብላቸው ፈጽሞ እምቢ አሉኝ። ከመለያየታችን በፊት፣ ለጥቂት ጊዜ ትርፍ ፊልትሮ ከመኪናው እንዳይለየኝና፣ ባዮዲዝል በብርድ ስለሚወፍር ደሴ በማድርበት ጊዜ ድርሻውን እንድቀንስ አደራ አሉኝ።

ወገኖቼ፣ መኪናችሁ ጉልበት ካነሰው ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት እባካችሁ እኒህን ሰው አማክሩ፤ በባቲ መውጫ ያሉ ሾፌሮችን ብትጠይቁ ያደርሷችኋል። ጋሼ፣ እርስዎን ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ዛሬም ከከሚሴ ጭኜ ያንኑ ዳገት በሰላም ወጥቻለሁ።