ለሎጎ ሥራም ለማታ ሥዕልም፦ ትንሹ ዋኮም ኢንትዎስ

ደሴ ላይ ቀን ለደንበኛ ሎጎና ባነር እየሠራ ማታ ለብሎጉ ሥዕል ለሚያዘጋጅ ዲዛይነር ትንሹ ዋኮም ኢንትዎስ፣ ሞዴል ሲቲኤል-4100፣ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በብዕር የሚሳልበት ሰሌዳ፣ ይበቃዋል። መሳያ ቦታው 152 በ95 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላፕቶፕ ጋር በአንድ ቦርሳ ይገባል። ብዕሩ ባትሪም ቻርጅም አይፈልግም። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ እስኪዘጋ ድረስ ይሠራል፤ ለእኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የሚያናድደው፣ ክብ ሲስሉ እንቁላል መውጣቱ ነው። የሰሌዳው የወርድና የቁመት ምጣኔ 16 በ10፣ የአብዛኛው ስክሪን ግን 16 በ9 ስለሆነ ነው። በዋኮም ሴቲንግ ማፒንግ ውስጥ ገብተው «ፎርስ ፕሮፖርሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ከሰሌዳው ጠርዝ ትንሽ ቦታ ይባክናል፤ ይባክን።

ትልቁ ጥቅሙ የአዝራሮቹን ሥራ በየፕሮግራሙ መለየት መቻሉ ነው። ያው የብዕር አዝራር ፎቶሾፕ ላይ ገጽ መጎተቻ፣ የሥዕል ፕሮግራሙ ክሪታ ላይ ቀለም መቅጃ ይሆናል፤ ከሥራ ወደ ሥዕል ሲዞሩ ሴቲንግ መነካካት የለም። የላሊበላ መስቀልን ሐረግ መሞከር ለሚፈልግ ክሪታ በነፃ ይገኛል። የመስተዋት መሣሪያውን በቁምም በአግድምም ከፍተው ሩቡን ብቻ ይሳሉ። ሐረጉ አንዱ ባንዱ ላይ የሚያልፍበትን ግን መስተዋቱን አጥፍተው በእጅ ያርሙ፤ አለዚያ መሃል መስመሩ ላይ ይምታታል።

ሰሌዳው ላይ ወረቀት ደርቦ መሳል ደስ ይላል፣ ግን የብዕሩን ጫፍ ቶሎ ይበላል። 3 መለዋወጫ ጫፎች ብዕሩ ውስጥ አሉ፤ የሚገዙት ያገለገለ ከሆነ ሳይከፍሉ በፊት የብዕሩን ጀርባ ፈተው ይቁጠሩ።