205 ግራም ቤተ መጻሕፍት፦ ኪንድል ለገጣፎ ላይ፣ ከ11 ወር በኋላ

የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ 12 ዓመቷ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። እኛ «ሀገሯ ገባች» እንላለን። ለእሷ ግን ውጭ ሀገር ማለት ይሄ ነው። ይዛቸው የመጣችውን አራት መጻሕፍት በአንድ ወር ሁለት ሁለት ጊዜ ጨረሰቻቸው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ የወተት ዱቄቱን ቆርቆሮ አዙራ አዙራ ስታነብ አየኋት። አንጀቴን በላችው።

ከለገጣፎ ተነስቶ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ፍለጋ መውጣት ቀን ይፈጃል። መገናኛ ድረስ አንድ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ፣ ሲመሽ ደግሞ የመመለሻው ሰልፍ። ስታዲየምና ሜክሲኮ አካባቢ ያሉትን መጽሐፍ አዟሪዎች አዳረስኳቸው። እንግሊዝኛ አላጣሁም። ስለ ሀብት፣ ስለ አመራር፣ የኮሌጅ አካውንቲንግ ሞልቷል። ለ12 ዓመት ልጅ የሚሆን ልብ ወለድ ግን ብርቅ ነው። ሲገኝም የተከታታዩ ሦስተኛ ክፍል ይገኝና አንደኛው ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግሩም ነው። ወስጃት በጣም ወዳዋለች። ግን ከእኛ ሰፈር ደርሶ ለመመለስ ቅዳሜ ሙሉ መሄድ አለበት።

ከአሜሪካ ማስላኩ ደግሞ የኪሎ ጣጣ አለበት። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሻንጣው በዘመድ አዝማድ ዕቃ ሞልቶ ነው የሚነሳው። «ኪሎ የለኝም» የሚለውን መልስ ስንቴ ሰማሁ። አልፈርድባቸውም። ወፈር ያለ መጽሐፍ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። አባቷ በመጨረሻ መጽሐፉን ትቶ ኪንድል ላከ፤ የአማዞን ኩባንያ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። ፔፐርዋይት የሚባለው፣ የ2021 ሞዴል፣ 16 ጂቢ። ክብደቱ 205 ግራም። ያመጣችልን ሴት የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የከተተችው።

ሰፈራችን መብራት ይሄዳል፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት ባትሪውን ነው። አምራቹ እስከ 10 ሳምንት ይቆያል ይላል። ስሌቱ ግን በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ተነቦ፣ ዋይፋዩም ተዘግቶ ነው። ሲደመር 35 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። የእኛ ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት ታነባለች፤ ሁለት ሳምንት ተኩል ይቆይላታል። ልክ ነው፣ አልተዋሸንም። ሚስጥሩ ስክሪኑ ላይ ነው። ኢ-ኢንክ ይባላል፤ ኃይል የሚፈልገው ገጹ ሲገለበጥ ነው። ጽሑፉ ባለበት ቆሞ ሲነበብ ባትሪ የሚበላው በዋናነት የስክሪኑ መብራት ነው። ደግሞ ፀሐይ አያስቸግረውም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ታነባለች። የእኔ ስልክ እዚያ ቦታ ላይ መስታወት ነው የሚሆነው።

ቤታችን ዋይፋይ የለም። በስልኬ ሆትስፖት እከፍትላታለሁ። ሥዕል የሌለው ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም። ካርድ አይጨርስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዕቃው ብቻውን ምንም አይደለም፤ መጽሐፉ ከየት ይመጣል የሚለው ነው ቁም ነገሩ። እኔ ይህን ሳላስብ ነው የጀመርኩት። በመጀመሪያው ሳምንት በጉጉት ከፕሮጀክት ጉተንበርግ 30 መጻሕፍት ጫንኩላት። ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ ስብስብ ነው፤ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት በነጻ ይሰጣል። ፋይሉን ኢፐብ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዓይነት አውርዳችሁ ወደ ኪንድሉ መላክ ነው። ችግሩ መጻሕፍቱ የቅጂ መብታቸው ያለቀ፣ አብዛኞቹም መቶ ዓመት ያለፋቸው መሆናቸው ነው። ልጅቷ ሁለቱን ወዳ ጨረሰች። ሌሎቹን ግን «አክስቴ፣ እንግሊዝኛው ከበደኝ» ብላ ተወቻቸው።

ያዳነን የሜሪላንዱ ቤተ መጻሕፍት ካርዷ ነው። አባቷ አሁንም እዚያው ስለሚኖር ካርዱ አልተዘጋም። ሊቢ በሚባል አፕ መጽሐፉን ትዋሳለች፣ ከዚያ ወደ ኪንድሉ ታስተላልፋለች። ነጻ ነው፤ አዳዲስ መጻሕፍትም አሉበት። አንድ ነገር ግን በደንብ ልብ በሉ፦ ከሊቢ ወደ ኪንድል ማስተላለፍ የሚሠራው ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው። ዘመዳችሁ ለንደን ወይም ቶሮንቶ ከሆነ በዚህ መንገድ ተማምናችሁ ኪንድል እንዳትገዙ።

ውሰት ደግሞ ቀን አለው። የእሷ ካርድ 21 ቀን ነው የሚሰጣት። አንድ ማታ ሦስት ምዕራፍ ሲቀራት ሆትስፖት ከፈትኩላት። ጊዜው አልፎ ኖሮ መጽሐፉ በራሱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰ። ርዕሱ ብቻ ቀረ። አለቀሰች። እንደገና ተራ ይዛ እስኪደርሳት ስድስት ሳምንት ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ የመመለሻውን ቀን ጽፈን ፍሪጁ ላይ እንለጥፋለን።

የሚገዛውን አባቷ በካርዱ ይከፍላል፤ እዚህ ይደርሳል። ግን የተገዛ መጽሐፍ እንደ ወረቀቱ የራስ አይሆንም። ከየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ከአማዞን መደብር የተገዛን መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በገመድ መጫን ቀርቷል። እኔን በጣም የከነከነኝ ማዋሱ ነው። ጎረቤታችን እንግሊዝኛዋን ማሻሻል የምትፈልግ ልጅ አለች። የወረቀት መጽሐፍ ቢሆን ዛሬ ወስዳ በሳምንቱ ትመልስ ነበር። አሁን ያለው ምርጫ ኪንድሉን ራሱን መስጠት ነው፤ እሱን የእኛዋ ከእጇ አትለቅም። ለዚህ ነው አዟሪዎቹ ጋ መሄዴን ያላቆምኩት።

ሥዕል ያለበት መጽሐፍ በ6.8 ኢንች ጥቁርና ነጭ ስክሪን አይሆንም። ጋዜጣ በፒዲኤፍም እንደዚያው። ቅዳሜ የሚወጣውን እንግሊዝኛውን ሪፖርተርና የእሁዱን ፎርቹን ከመገናኛ ይዤላት እመጣለሁ፤ አያቷ ጎን ተቀምጣ በወረቀት ታገላብጣቸዋለች።

በአምስተኛው ወር ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሳይነካው «ባትሪው ሞቷል፣ ይከፈት» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ይዤው ተመለስኩ። ማታ አባቷ ደውሎ የማብሪያውን ቁልፍ ለ40 ሰከንድ ተጭኜ እንድይዝ ነገረኝ። ተነሳ። እስከ ዛሬ አልደገመውም። ውኃ ይችላል፤ የሚያሰጋኝ የሰፈራችን የግንባታ አቧራ ነው፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አያቷ ከአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ከረጢት ሰፍታለታለች። እስካሁን ስክሪኑ ላይ አንድ ጭረት የለም።

መዝገበ ቃላቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ቃሉ ላይ ጣት አሳርፎ መያዝ ነው፣ ትርጉሙ ይመጣል። እኔም ሌሊት ስዋሳት ብዙ ቃል ተምሬበታለሁ። አማርኛ ላይ ግን ይህ የለም። ስለዚህ አያቷ የምትነግረንን ተረት ራሴ መተየብ ጀመርኩ። ገጹን በስክሪኑ ልክ አሳንሼ፣ ፊደሉን አተልቄ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ እጭናለሁ። ልጅቷ ማታ ማታ አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታነባለች። «ተረት ተረት» ስትል እማማ ከምጣዱ ሥር «የላም በረት» ትላለች። ጸ እና ጰ ላይ አሁንም ትደናቀፋለች። እማማ ታርማታለች።

ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ውጭ የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ወይም የሚከፍል ዘመድ ካለ። ሁለቱም ከሌሉ በብሩ ከአዟሪ የወረቀት መጽሐፍ ብትገዙ ይሻላል። እዚህ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ከላዩ መውጣቱን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ በራሳችሁም አካውንት ሳትገቡበት ብር እንዳትከፍሉ።