ድፎ ዳቦ ወይስ አምባሻ፦ ለዕረፍት ቀን የትኛው ይስማማል?

በዕረፍት ቀን ቤት ውስጥ ዳቦ መጋገር አእምሮን የሚያሳርፍ ሥራ ነው፤ ሆኖም ድፎ ዳቦና አምባሻ የሚሰጡት ዕረፍት አንድ ዓይነት አይደለም።

ድፎ ዳቦ ጊዜ ይፈልጋል። የስንዴው ዱቄት ጥቁር አዝሙድ ተጨምሮበት በእርሾ ማታ ከተቦካ በኋላ አድሮ ጠዋት ኩፍ ብሎ ሲገኝ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ይገለበጥና ከላይም በኮባ ተሸፍኖ ይጋገራል። በገጠር ከታችም ከላይም እሳት ይደረግበታል፤ በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃዋል። ኮባው በሙቀቱ ጠውልጎ ጠርዙ መጥቆር ሲጀምር የሚወጣው ሽታ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል፤ ዳቦው ሲወጣም የቅጠሉ መስመሮች ጀርባው ላይ ታትመው ይታያሉ። እነዚያን መስመሮች በጣቴ ሳልዳስስ ድፎ ቆርሼ አላውቅም።

በትግራይና በኤርትራ ሕምባሻ የሚባለው አምባሻ ግን ሳሳ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። ደስታውም ያለው ከመጋገሩ በፊት፣ ሊጡ ላይ በቢላ ጫፍ የመንኮራኩር መሰል ጌጥ ሲሠራለት ነው፤ ልጆች ላሉበት ቤት ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝም።

ሙሉ ቀን ላለው ሰው ድፎን እመርጣለሁ፤ የሊጡን መነሣት መጠበቅ ራሱ ዕረፍት ነውና። በውጭ አገር ለሚኖሩ ግን አምባሻ ይቀላል፤ መጥበሻና ክዳን ብቻ ይበቃዋል፣ ለድፎው ግን የኮባ ምትክ የሚሆን የሙዝ ቅጠል መፈለግ ያስፈልጋል።