ሥራ ያሟጠጠው ሰው፦ ጃፓናዊው ዋታናቤና አሜሪካዊው ዊሊ

በሥራ ያለቀ ሰው በጃፓንና በአሜሪካ ድርሰት ውስጥ መልኩ ለየቅል ነው። የአኪራ ኩሮሳዋን ፊልም «ኢኪሩ»ን (እ.ኤ.አ. 1952) እና የአርተር ሚለርን ቲያትር «የሽያጭ ሠራተኛው ሞት»ን (1949) ጎን ለጎን እንያቸው።

ዋታናቤ የማዘጋጃ ቤት ክፍል ኃላፊ ነው። 30 ዓመት ገደማ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። ከፊቱ የወረቀት ክምር፣ በእጁ ማኅተም። የሰፈር እናቶች ቆሻሻ ውሃ ያቆረበትን ቦታ አስተካክሉልን ብለው ሲመጡ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታሉ፤ ዞረው ዞረው እዚያው። ሰውየውን የጨረሰው የሥራው ባዶነት ነው። የሆድ ካንሰር እንዳለበት ሲያውቅ ግን ይነቃል፤ በቦታው የልጆች መጫወቻ ስፍራ ያሠራል።

ዊሊ ሎማን በሥራው ያምናል። ከ60 ዓመቱ በኋላም መኪና እየነዳ ከከተማ ከተማ ይዞራል። አቅሙ ሲከዳው ቢሮ ውስጥ ቦታ እንዲሰጠው ወጣቱን አለቃ ይለምናል። አለቃው አዲስ የድምፅ መቅጃውን ያሰማዋል፤ የልጆቹን ድምፅ! ዊሊ በሳምንት 65 ዶላር ብሎ ይጀምራል። ወደ 50 ይወርዳል። ከዚያ 40። በመጨረሻ ይባረራል። ይህን ትዕይንት ሳስበው አንጀቴን ይበላዋል።

እኔ ግን «ኢኪሩ»ን አስበልጣለሁ። ሚለር የአንድን ቤተሰብ ስብራት ያሳየናል። ኩሮሳዋ ግን ዋታናቤ ከሞተ በኋላ ካሜራውን ወደ ሟቹ ባልደረቦች ያዞራል። ለቅሶ ላይ ጠጥተው «እኛም እንደ እሱ እንሠራለን» ብለው ይምላሉ። ቢሮ ሲመለሱ አዲስ ባለጉዳይ ይመጣል፣ ወደ ሌላ ክፍል ይልኩታል።