ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለችው የንግግር ቴራፒ ክፍል

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ጆሮው ደህና ነው፣ ነገርም ይገባዋል፤ ግን «እማዬ መጣ» ይላል። ባለሙያዋ የቋንቋ እድገት ችግር ነው አለችን። እንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት ከ100 ልጆች 7ቱ ገደማ አለባቸው።

የወደድኩት አሠራሯን ነው። አትቆጣውም፣ «ተሳስተሃል» አትለውም። አሻንጉሊቷን በር ላይ ታቆምና «አዎ፣ እማዬ መጣች!» ትላለች፣ «ች»ን ጫን አድርጋ። ቀጥላ «ዶሮዋ ሮጠች፣ አክስቴ ሳቀች፣ ላሟ ተኛች»። ግሱን ትቀያይራለች፣ መጨረሻው ያው ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ሥርዓቱን ለመያዝ ከእኩዮቻቸው በላይ ደጋግመው መስማት አለባቸው።

አሁን «ድመቷ በላች» ይላል። «አባዬ መጣች»ም ይላል፣ ይሁን!

ክፍያው ግን ኪስ ይጎዳል። መጠበቂያውም ጠባብ ነው፣ የባጃጅ ጡሩምባ ይረብሻል። ከአዘዞ ለምትመጡ ጠዋት ይሻላል።